«አይጥ ላይ ሠርቷል» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ ድድና ጥርስ ሕክምና ምርምር ጥያቄና መልስ

በእንስሳት ላይ ስለሚሞከሩ የጥርስና የድድ መድኃኒቶች፣ ዕፅዋትም ሆኑ አዳዲስ ግኝቶች፣ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ሥራዬ የአፍ ጤና ምርምር ስለሆነ የምችለውን እመልሳለሁ። የራሳችሁን ድድ ግን በጽሑፍ ማከም አልችልም፤ ለሱ ሐኪም ፊት መቀመጥ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። «እርድ የድድ በሽታን እንደሚያድን በጥናት ተረጋገጠ» የሚል ነገር አነበብኩ። ጥናቱን ፈልጌ ሳየው በአይጠ መጎጥ ላይ የተሠራ ነው። ልመነው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ከመወሰንዎ በፊት በሽታው እንዴት እንደመጣ ይዩ። የቤተ ሙከራ አይጠ መጎጥ በራሱ ጊዜ የድድ በሽታ የሚይዘው እምብዛም ነው። ስለዚህ ተመራማሪው እንስሳውን አደንዝዞ በመንጋጋ ጥርሱ አንገት ዙሪያ የሐር ክር ያስራል። ክሩ ላይ ባክቴሪያ ይከማቻል፣ ድዱ ይቆጣል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሸረሸራል። ይህ ሁሉ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነው። በመጨረሻ ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ከሚያበቃበት መስመር እስከ አጥንቱ ጫፍ ያለው ርቀት ይለካል፤ ዛሬ ዛሬ በአብዛኛው ማይክሮ ሲቲ በሚባል ረቂቅ የራጅ ምስል። ርቀቱ ሰፋ ማለት አጥንቱ ወርዷል ማለት ነው።

ቀጥሎ እርዱ መቼ እንደተሰጠ ይፈልጉ። እኔ ጥናት ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው። ብዙዎቹ የዕፅዋት ጥናቶች መድኃኒቱን የሚጀምሩት ክሩ በታሰረበት ቀን ነው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ቀደም ብለው። ይህ መከላከል እንጂ ማዳን አይደለም። እርስዎ ግን ሐኪም ጋ የሚሄዱት ድድዎ መድማት ከጀመረ፣ ምናልባትም አጥንቱ ከወረደ በኋላ ነው። «ያድናል» የሚለው ርዕስ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ክሩ ሲፈታ ቁጣው በራሱ ይበርዳል። ስለዚህ ክሩን ፈትቶ መድኃኒት የሰጠ ጥናት፣ ክሩ ተፈቶለት ምንም ያልተሰጠው ቡድን ከጎኑ ከሌለ፣ ምን እንዳዳነው አይታወቅም።

ወደ እርድ ስንመለስ፣ ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገሩ በእንስሳት ላይ ቁጣን ሲቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። አጥንትን ማትረፉ ላይ ግን ውጤቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። በዚያ ላይ ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች በጄል መልክ ድዱ ላይ ማድረግን ወይም ሞለኪዩሉን መለወጥን የሚሞክሩት።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ለአይጡ በኪሎ የተሰጠውን መጠን በራሴ ኪሎ አባዝቼ ብወስድስ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን ከሰውነቱ የሚያስወግደው ከሰው ፈጥኖ ነው፤ ስለዚህ በኪሎ ሲሰላ የሚሰጠው መጠን ከፍ ያለ ነው። በምርምር ሥራ ስሌቱ የሚሠራው በሰውነት ቆዳ ስፋት ነው። የአይጠ መጎጡ መጠን ለ6.2፣ የአይጡ ለ12.3 ይካፈላል። አይጠ መጎጥ በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ከወሰደ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሚመጣው 970 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በቀጥታ ቢያባዙት 6 ግራም ይሆን ነበር፤ ከስድስት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ያም ቢሆን ስሌቱ ተመራማሪዎች የሰው ሙከራ ከየት እንደሚጀምሩ የሚገምቱበት ነው፤ በአብዛኛውም ለደኅንነት ሲባል ውጤቱን እንደገና ለ10 ያካፍሉታል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀመር አይደለም።

ጥያቄ፦ የአይጥ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል ይባላል። ታዲያ ከኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ዕድሜ ልካቸውን የሚያድጉት የፊቶቹ ብቻ ናቸው። መንጋጋዎቹ እንደኛ አንዴ በቅለው ያበቃሉ። የድድም የመቦርቦርም ጥናት የሚሠራው መንጋጋዎቹ ላይ ነው።

እግረ መንገዴን ላንሳውና፣ ጥርስ እንዲቦረቦር ባክቴሪያ ግድ መሆኑን በግልጽ ያሳዩን እነዚሁ እንስሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከማንኛውም ጀርም ነጻ ሆነው ያደጉ አይጠ መጎጦች ስኳር የበዛበት ምግብ እየበሉ ጥርሳቸው ሳይቦረቦር ቀረ። በ1960 ደግሞ ፖል ኪስ የተባለ ተመራማሪ ጥርሳቸው የማይቦረቦር ሃምስተሮችን (አይጥ መሰል ትንንሽ እንስሳትን) ጥርሳቸው ከሚቦረቦር ሃምስተሮች ጋር አንድ ላይ አኖራቸው። ጤነኞቹም ጥርሳቸው መቦርቦር ጀመረ። በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ላይ መሞከር አይቻልም።

ጥያቄ፦ የኮኮናት ዘይት በአፍ ማንቀሳቀስስ? እንስሳ ላይ ተሞክሯል?

መልስ፦ አይጥ መጉመጥመጥ አይችልም፤ የሰጡትን ይውጣል። ደግሞም ለቀላል የድድ ቁጣ እንስሳ አያስፈልግም፤ ሰው ላይ በደህና መሞከር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ ጤነኛ ሰዎችን ጥርስ ማጽዳት አስቆሟቸው። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነ። ዛሬም የአፍ መጉመጥመጫዎች በዚሁ ዘዴ ይፈተናሉ። የኮኮናት ዘይት ላይ የተሠሩት የሰው ጥናቶች ትንንሽና አጫጭር ናቸው። ከወደዱት ይጉመጥመጡት፤ ብሩሹን ግን አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ከእንስሳ ተነስቶ መድኃኒት ቤት የደረሰ ነገር አለ? ወይስ ሁሉም ወረቀት ላይ ይቀራል?

መልስ፦ አለ፤ ታሪኩም ደስ ይላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሎርን ጎለብ እና ባልደረቦቹ የስኳር በሽታ ያለባቸው አይጠ መጎጦች ድድ ውስጥ ኮላጅኔዝ የሚባለው ኢንዛይም እንደሚበዛ ያውቁ ነበር። ኢንዛይሙ ድድን የሚያያይዘውን ኮላጅን ይበላዋል። ሚኖሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ሲሰጧቸው ኢንዛይሙ ቀነሰ። «ባክቴሪያውን ስለገደለ ነው» ማለት ቀላል ነበር። ጀርም በሌላቸው አይጠ መጎጦች ሲሞከርም ግን ኢንዛይሙ ቀነሰ። የሚገደል ባክቴሪያ በሌለበት መሥራቱ መድኃኒቱ ሌላ ችሎታም እንዳለው አሳየ። ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ ባክቴሪያ ለመግደል የማይበቃ ትንሽ መጠን፣ 20 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለድድ በሽታ ተፈቀደ። የሚሰጠው ግን ከሐኪሙ የጥርስ ሥር ጽዳት ጋር ነው፤ ለብቻው አይደለም።

ያልተሳካውንም ልንገራችሁ። በ2019 አንድ ጥናት የድድ ባክቴሪያ የሆነውን ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ አይጦች አፍ ውስጥ ሲያደርጉት አንጎላቸው ውስጥ እንደተገኘ፣ የባክቴሪያውን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ደግሞ ጉዳቱን እንደቀነሰ ዘገበ። «የመርሳት በሽታ መድኃኒት ተገኘ» ተብሎ ዓለም ተንጫጫ። በ2021 ከ600 በላይ ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ሲወጣ መድኃኒቱ የሕሙማኑን የማሰብ ችሎታ ማሽቆልቆል በጥቅሉ ሊያዘገይ አልቻለም። የጉበት ችግርም ታይቶበታል።

ጥያቄ፦ ጃፓኖች ጥርስ የሚያበቅል መርፌ ሠሩ የሚባለውስ? ሦስት ጥርስ ነቅያለሁና ልጠብቅ?

መልስ፦ ወሬው መሠረት አለው። አካላችን ውስጥ ዩሳግ-1 የሚባል የጥርስ እድገትን የሚገታ ፕሮቲን አለ። የኪዮቶ ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ሠርተው በ2021 ውጤቱን አወጡ፤ በአይጥና ፌረት በሚባል ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ላይ ጥርስ በቀለ። ፌረት የተመረጠው እንደኛ የወተት ጥርስና ቋሚ ጥርስ ስላለው ነው። በሰው ላይ የደኅንነት ሙከራው በ2024 ተጀምሯል። ዋና ዓላማው ግን ሲወለዱ ጀምሮ ጥርስ የጎደላቸውን መርዳት ነው። የተነቀለውን መተካት ከዚያ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አይጠብቁ፤ ያሉትን አማራጮች ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ውሻዬ አፉ ይሸታል። «ተፈጥሯዊ» የሚል የሰው ጥርስ ሳሙና ልቀባው?

መልስ፦ እንዳታደርገው! ብዙ «ተፈጥሯዊ» ምርቶች ውስጥ ዛይሊቶል የሚባል ጣፋጭ አለ። የሰውን ጥርስ ከመቦርቦር ይጠብቃል ተብሎ የሚጨመር ነው። ውሻ ላይ ግን የደም ስኳርን በድንገት ይጥላል፤ መጠኑ ሲበዛ ጉበት ያበላሻል። በኪሎ 0.1 ግራም ብቻ ስኳሩን ሊጥለው ይችላል፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 1 ግራም ማለት ነው። የሻይ ዛፍ ዘይትም ለውሻና ለድመት መርዝ ነው። አንዱን እንስሳ የጠቀመ ሌላውን ሊገድል ይችላል፤ ከአይጥ ወደ ሰው ስንሻገርም የምንፈራው ይህንኑ ነው።

ለውሻ ተብሎ የተሠራ ሳሙናና ብሩሽ ተጠቀም። የሚታኘክ ነገር ስትገዛ ቪ.ኦ.ኤች.ሲ. የሚባለው የእንስሳት አፍ ጤና ምክር ቤት ማኅተም እንዳለበት እይ። ምክር ቤቱ ማኅተሙን የሚሰጠው ምርቱ ፕላክ (ጥርስ ላይ የሚለጠፍ የባክቴሪያ ሽፋን) ወይም ታርታር (የደነደነ ፕላክ) መቀነሱን በሙከራ ላሳየ ብቻ ነው። ሽታው ከጠነከረ ግን የእንስሳት ሐኪም አፉን ይየው።

ጥያቄ፦ ለጥርስ ሳሙና ብሎ እንስሳ ማሠቃየት አይከብድም?

መልስ፦ ይከብዳል። የአውሮፓ ኅብረት ለመዋቢያ ምርቶች የሚደረግ የእንስሳት ሙከራን ደረጃ በደረጃ ከልክሎ በ2013 ሽያጩን ጨምሮ ዘግቶታል፤ የጥርስ ሳሙናም እዚያ ሕግ ውስጥ ነው። ለመድኃኒት ምርምር የሚሠራው ከ1959 ጀምሮ የሚታወቀው መርሕ ነው፦ በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥር መቀነስ፣ ሥቃይ ማቅለል። እንደኔ እንደኔ ትልቁ ጭካኔ በደንብ ያልታሰበ ጥናት ነው። እንስሳቱ ይሞታሉ፣ የሚታወቅ ነገር ግን የለም።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የአንድ ተክል ጭማቂ በአይጠ መጎጥ ድድ ላይ ልሞክር ነው። ምን ላድርግ ትለኛለህ?

መልስ፦ ጎበዝ። ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በፊት አንድም እንስሳ እንዳትነኪ። ተክሉን የሚያውቅ የዕፅዋት ባለሙያ ስሙን ያረጋግጥልሽ፣ ናሙናውም ይቀመጥ። ጭማቂው ውስጥ ያለውን ዋና ንጥረ ነገር ለኪ፤ አለበለዚያ በቀጣዩ ወቅት የቀጠፍሽው ቅጠል ሌላ መድኃኒት ይሆንብሻል።

ቡድኖቹ ላይ አትሰስቺ። ክር ያልታሰረለት፣ ክር ታስሮለት ጭማቂው የተሟሟበት ፈሳሽ ብቻ የተሰጠው፣ የታወቀ መድኃኒት የተሰጠው፣ ከዚያ ያንቺ ጭማቂ ቢያንስ በሁለት መጠን። መሟሟቻው አልኮል ከሆነ በተለይ ተጠንቀቂ፤ አልኮሉ ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ለማወዳደሪያ ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ባክቴሪያ ገዳይ የአፍ መድኃኒት ጥሩ ነው። እንስሳቱን በዕጣ ደልድይ። አጥንቱን የሚለካው ሰው የትኛው ናሙና ከየትኛው ቡድን እንደመጣ አይወቅ። በአንድ ጎጆ የሚኖሩ አይጠ መጎጦች አንዱ የሌላውን ኩስ ስለሚበሉ ባክቴሪያቸው ይመሳሰላል፤ አንድን ቡድን በሙሉ አንድ ጎጆ ውስጥ ካጎርሽ የጎጆውን ልዩነት የመድኃኒት ውጤት ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ።

ከቻልሽ ጭማቂውን በሽታው ከያዘ በኋላ የሚጀምር ቡድን ጨምሪ። ውጤቱ ሊያንስ ይችላል፤ ገምጋሚዎች ግን መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ስትጽፊ ደግሞ በ2020 የተሻሻለውን፣ የእንስሳት ጥናት እንዴት መዘገብ እንዳለበት የሚዘረዝረውን የአራይቭ መመሪያ ከጎንሽ አድርጊ። ሙከራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን እቅዱን ስታወጪ አንብቢው፤ የሚጠይቃቸው ነገሮች ኋላ ተመልሶ መሙላት አይቻልም።