ለዲዛይንና ለሬንደር የሚሆን ላፕቶፕ፦ ጥያቄና መልስ

ለአርክቴክቸር፣ ለኢንቴሪየርና ለ3ዲ ሥራ፣ በተለይም ሞዴልን ወደ ምስል ለማውጣት (ሬንደር)፣ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ወይም የገዛችሁት እየከበደው የተቸገራችሁ ጥያቄያችሁን አምጡ። የምትሠሩበትን ሶፍትዌር አብራችሁ ጻፉ፤ ያለሱ የሚሰጥ ምክር ግምት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ሬቪት ላይ ሞዴል ሠርቼ በሉሚየን ነው የማወጣው። ባለኝ ብር ወይ ጠንካራ ፕሮሰሰር ወይ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ነው የሚደርሰኝ። የቱ ይቅደም?

መልስ፦ ላንተ ግራፊክስ ካርዱ ይቀድማል። ሉሚየን፣ ኢንስኬፕ፣ ትዊንሞሽንና ዲ5 ሬንደር ምስሉን የሚያወጡት በግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ፋይል ሲከፈትና ሞዴሉ ሲጫን ነው በዋናነት የሚያግዘው። ሬቪት ደግሞ ሞዴል ስትሠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው አንድ ወይም ጥቂት ኮሮችን (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) ስለሆነ ከኮር ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው የሚጠቅምህ። ስለዚህ ኮር አይ5-12500ኤች ከአርቲኤክስ 4060 ጋር ያለው ማሽን፣ አይ9 ከአርቲኤክስ 4050 ጋር ካለው ይልቅ ያሠራሃል።

በ3ዲኤስ ማክስና ኮሮና በሚባለው የሬንደር ሶፍትዌር የምትሠራ ብትሆን ግን መልሴ ይገለበጥ ነበር። ኮሮና ምስሉን የሚያሰላው በፕሮሰሰር ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ቢያግዝ መጨረሻ ላይ ኖይዙን (ምስሉ ላይ የሚቀረውን ነጠብጣብ) ለማጥራት ነው። እዚያ የኮር ብዛት በቀጥታ ጊዜ ይቆጥባል። ሌላው የሬንደር ሶፍትዌር ቪሬይ በሁለቱም ይሠራል፤ የትኛውን እንደምትጠቀም ሳትወስን አትግዛ።

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ አይ7-1255ዩ ነው፤ የጓደኛዬ ግን አይ5 ሆኖ ይበልጠዋል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚለየው መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ነው። ኢንቴል ላይ «ዩ» የሚለው በመደበኛው 15 ዋት የሚሠራ፣ ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ ፕሮሰሰር ነው። «ኤች» 45 ዋት፣ «ኤችኤክስ» 55 ዋት ነው። ያንቺ አይ7-1255ዩ 2 ትልልቅና 8 ትንንሽ ኮሮች አሉት፤ አይ5-12500ኤች ግን 4 ትልልቅና 8 ትንንሽ ኮሮች ይዞ ሦስት እጥፍ ኃይል ይፈቀድለታል። ወደኋላ ብንሄድ አይ7-7600ዩ ጭራሽ 2 ኮር ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ «አይ7 ነው» ሲሉሽ ሙሉ ቁጥሩን እስከ ፊደሉ ጠይቂ።

ራይዘን 7000ዎቹ ላይ ደግሞ ሦስተኛውን አሃዝ እዪ። 7735ኤችኤስ ላይ ያለው 3 የቀድሞውን ትውልድ ኮር ያመለክታል፤ 7840ኤችኤስ ላይ ያለው 4 አዲሱን። ሁለቱም «ራይዘን 7» ተብለው ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሱቅ ውስጥ አርቲኤክስ 4060 ያላቸው ላፕቶፖች አየሁ። ራምና ኤስኤስዲያቸው እኩል ነው፤ የዋጋ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ርካሹን ብወስድ ምን ይጎድልብኛል?

መልስ፦ ምናልባት ዋት ይጎድልብሃል፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም እዚህ ላይ ነው። የላፕቶፕ አርቲኤክስ 4060 እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው መካከል ይሠራል። ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ የገባውና ወፍራም የጌሚንግ ላፕቶፕ ውስጥ የገባው ስማቸው አንድ ነው፤ ረጅም ሬንደር ላይ ግን አብረው አይሄዱም።

ማሽኑን ከፍተህ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ሄልፕ» ከዚያ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ግባ፤ «ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር» የሚለው መስመር ዋቱን ይነግርሃል። ማሽኑ ካልተከፈተልህ ቻርጀሩን ገልብጠህ አንብብ። 115 ዋት የሚስብ ካርድ፣ 45 ዋት የሚስብ ፕሮሰሰር፣ ስክሪንና ፋን በ120 ዋት ቻርጀር አይጠግቡም። ቻርጀሩ 200 ወይም 230 ዋት ከሆነ ካርዱ ሙሉ ኃይሉን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ 6 ጂቢ ቪራም ይበቃል? ወይስ 8 ልጠብቅ? 4070 ብገዛስ ይሻላል?

መልስ፦ ቪራም የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። ስሌቱን አብረን እንየው። አንድ 4ኬ ቴክስቸር፣ ማለትም 4096 በ4096 ፒክሰል፣ ሳይጨመቅ ካርዱ ላይ ሲጫን 64 ሜጋባይት ይይዛል። አንድ ማቴሪያል ከለር፣ ራፍነስና ኖርማል የሚባሉ ሦስት ማፖች ቢኖሩት 192 ሜጋባይት ሆነ። እንዲህ ያሉ 30 ማቴሪያሎች 5.6 ጂቢ ገደማ ይበላሉ፤ ዛፉ፣ ሣሩ፣ ሶፋውና ራሱ ዊንዶውስ ገና አልተቆጠሩም። አንዳንድ ሶፍትዌር ቴክስቸሩን ስለሚጨምቅ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ይሁንና 6 ጂቢ ለምን ቶሎ እንደሚሞላ ይታይሃል። ሲሞላ ወይ ሬንደሩ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ብሎ ይቆማል፣ ወይ ትርፉ ወደ ራም እየተገፋ ፍጥነቱ ይወድቃል።

ስለዚህ ለኤክስቴሪየርና አረንጓዴ ለሚበዛበት ሥራ መነሻው 8 ጂቢ ይሁን። በ6 ጂቢ የምትሠሩ ደግሞ ከካሜራ የራቁትን ቴክስቸሮች ወደ 2ኬ አውርዱ፤ የሚይዙት ቦታ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ምስሉ ላይም ልዩነቱ አይታይም።

ስለ 4070፦ የላፕቶፑ 4070 ፈጣን ነው፤ ቪራሙ ግን እንደ 4060 8 ጂቢ ነው። የላፕቶፑ 5070ም 8 ጂቢ ነው። 12 ጂቢ የምታገኘው ከ4080 ወይም ከ5070 ቲአይ ጀምሮ ነው፣ 16 ጂቢ ከ4090 ወይም ከ5080። ችግርህ ቪራም ከሆነ 4070 አይፈታልህም፤ ልዩነቱን ለራም አውለው።

ጥያቄ፦ ስላይትሊ ዩዝድ ዜድቡክ 15 ጂ3 «ለአርክቴክት የተሠራ ወርክስቴሽን» ተብዬ ዋጋ ሰጡኝ። ኳድሮ አለው። ልውሰደው?

መልስ፦ ለአውቶካድና ለቀላል ስኬችአፕ ካልሆነ አይውሰዱት። ወርክስቴሽን መሆኑ እውነት ነው፤ ጥሩ ብረት ነው። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ 6ኛ ትውልድ፣ ቢበዛ 4 ኮር ነው። ግራፊክስ ካርዶቹ ኳድሮ ኤም1000ኤም ወይም ኤም2000ኤም ቪራማቸው ከ2 እስከ 4 ጂቢ ነው፤ ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃንን ጉዞ ማስላት) የሚያፈጥኑ ኮሮችም የላቸውም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ኢንቴል ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል።

ወርክስቴሽን ከወደዱ ከፕሪሲዥን፣ ከዜድቡክ ወይም ከቲንክፓድ ፒ ውስጥ ስሙ ላይ «አርቲኤክስ» ያለበትንና ቪራሙ ቢያንስ 6 ጂቢ የሆነውን ይፈልጉ። ኳድሮ የሚለው ስም ብቻውን ሬንደር አያፈጥንም።

ጥያቄ፦ ራም 16 አለኝ። 32 ላድርገው ወይስ 64?

መልስ፦ ለአብዛኛው 32 ይበቃል። ሬቪት፣ ሉሚየን፣ ፎቶሾፕና 20 የብራውዘር ታብ አብረው ሲከፈቱ 16 ይሞላል፤ ከዚያ ዊንዶውስ ኤስኤስዲውን እንደ ራም መጠቀም ይጀምርና ሁሉም ይንቀራፈፋል። 64 የሚያስፈልገው በፕሮሰሰር ከባድ ሲን ለሚያወጣ፣ ለምሳሌ በኮሮና ውስጥ ብዙ ዛፍ ለሚበትን ሰው ነው። ስትገዛ 2 ባለ 16 ግዛ እንጂ 1 ባለ 32 አትግዛ፤ ሁለት ሲሆኑ ዳታው በሁለት መስመር ይሄዳል። መጀመሪያ ግን ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሜሞሪ ውስጥ ስንት ስሎት እንዳለ እይ። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለህ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነውና አይቀየርም።

ጥያቄ፦ ማክቡክ ፕሮስ?

መልስ፦ አርኪካድ፣ ስኬችአፕ፣ ራይኖ፣ ብሌንደርና ትዊንሞሽን ላይ ለሚሠራ ጥሩ ማሽን ነው፤ ስክሪኑም ያምራል። ሬቪትና 3ዲኤስ ማክስ ግን ለማክ አልተሠሩም፤ ሉሚየን ፕሮም እንዲሁ። በፓራለልስ አስገድዶ ማስኬድን አውቶዴስክ አዲሶቹ የአፕል ቺፖች ላይ አይደግፈውም። የሚቀጥርህ ቢሮ ሬቪት ከሆነ የሚሠራው ማክ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ሬንደር ሲጀምር ፈጣን ነው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ፕሮሰሰሩ 97 ዲግሪ ይደርስና ይዘገያል። አዲስ አበባ ነኝ፣ ክፍሉ አይሞቅም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ራሱን እየጠበቀ ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 95–100 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት የሚሸከምለት አየር ያንሰዋል። የከተማዋ ቅዝቃዜ የተወሰነውን ያካክሳል፤ ቢሆንም ቀጭን ላፕቶፕ እዚህ ቶሎ ይሞቃል። ድሬዳዋና ሰመራ ላይ ደግሞ ችግሩ ራሱ ሙቀቱ ነው።

በቅደም ተከተል እንዲህ አድርግ። የኋላውን ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፤ ብርድ ልብስና አልጋ ላይ ፈጽሞ አትሥራ። ቀጥሎ አቧራውን አስወጣ፦ ማሽኑን አጥፍተህ፣ ቻርጀሩን ነቅለህ፣ የታች ክዳኑን ክፈትና የፋኑን ምላስ በጣትህ ይዘህ ንፋው። ሳትይዘው ከነፋኸው ከልክ በላይ ይዞርና መሽከርከሪያው ይጎዳል። ከ2 ዓመት በላይ ከሠራ ተርማል ፔስቱን (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) አስቀይር። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልወረደ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100% ወደ 99% አውርደው፤ ቱርቦው (ለጊዜው ፍጥነት የሚጨምረው) ይጠፋል፣ ሙቀቱም በብዙ ይወርዳል። በግራፊክስ ካርድ ለሚወጣ ሬንደር የምታጣው ጥቂት ነው። ኮሮና ላይ ግን ጊዜ ያስከፍልሃል።

ጥያቄ፦ አርቲኤክስ 3060 አለኝ፤ ታስክ ማናጀር ላይ ግን የሚሠራው የኢንቴሉ ግራፊክስ ነው። ካርዱ ውሸት ይሆን?

መልስ፦ ውሸት ላይሆን ይችላል። ዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ውስጥ ሶፍትዌሩን ጨምረህ «ሃይ ፐርፎርማንስ» አድርገው፤ ከዚያ ሶፍትዌሩን ዘግተህ ክፈት። ቪሬይ ጂፒዩ ወይም ብሌንደር ከሆነ ደግሞ ታስክ ማናጀር የሚያሳየው «3ዲ» የሚለው ግራፍ ኩዳ የሚባለውን የካርዱን የስሌት ሥራ አያሳይም፤ 0% ቢልም ካርዱ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው የመለኪያ ፕሮግራም ካርዱ የሚስበውን ዋት ተመልከት።

ጥያቄ፦ መብራት እየሄደ ሌሊት የተጀመረ አኒሜሽን ከመሃል ይቆምብናል። ባትሪው ትልቅ የሆነ ላፕቶፕ ብንገዛ ይፈታል?

መልስ፦ አይፈታም። 80 ዋት-ሰዓት ባትሪ 100 ዋት ለሚስብ ሬንደር 48 ደቂቃ ነው፤ በባትሪ ሲሆን ደግሞ ላፕቶፑ የካርዱን ኃይል ስለሚቀንስ በዚያ ጊዜ የሚወጣው ፍሬም ጥቂት ነው። አምራቾች ከ99.9 ዋት-ሰዓት የማያልፉትም አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ድረስ ስለሆነ ነው።

መፍትሔው አወጣጡ ላይ ነው። አኒሜሽን በቀጥታ ቪዲዮ አድርጋችሁ አታውጡ፤ ፍሬም በፍሬም፣ ፒኤንጂ ምስል አድርጋችሁ አውጡ። 612ኛው ላይ ቢቆም ከ612 ትቀጥላላችሁ፤ የቪዲዮ ፋይል ግን ካልተዘጋ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ለአንድ ትልቅ ምስል ቪሬይ ላይ «ሪዙመብል ሬንደሪንግ» የሚለውን አብሩ፤ ኮሮና ላይ ደግሞ በየጊዜው በሲኤክስአር (የኮሮና የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ከመጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሱ። ቻርጀር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍታ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ፣ እህቴ ከአሜሪካ ሊያመጡልኝ ይችላሉ። ከየት ይሻላል?

መልስ፦ ማሽኑ ያው ነው። ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ ከ110 የመጣውም እዚህ በ220 ይሠራል፤ የሚቀየረው የግድግዳው ገመድ ብቻ ነው። አዳፕተር ከመሰካት ገመዱን ቀይረው፤ ርካሽ አዳፕተር ኧርዙን ስለማያገናኝ ብረት አካል ያለው ላፕቶፕ እጅ ላይ ይነዝራል። ዋናው ጥያቄ ዋስትናው ነው፦ ከተገዛበት አገር ውጭ ይሠራል ወይ ብለው ከመክፈላቸው በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ። ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አይላኩት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ሱቅ ውስጥ ሆኜ በግማሽ ሰዓት እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ ሲኒቤንች አር23 (ፕሮሰሰር መፈተኛ)፣ ኤችደብሊውኢንፎ እና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ (ዲስክ መፈተኛ) በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ ሦስቱም ሳይጫኑ ይሠራሉ። ቻርጀሩን ሰክተህ ሲኒቤንችን ለ10 ደቂቃ አስኪድና ሙቀቱንና ፍጥነቱን በኤችደብሊውኢንፎ ተከታተል። ፍጥነቱ ከጀመረበት ወርዶ አንድ ቦታ ቢረጋ ጤነኛ ነው፤ እየወጣ እየወረደ የሚዋዥቅ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ተወው። እዚያው የባትሪውን «ዌር ሌቭል» (ያረጀበትን መጠን) አንብብ፤ 30% ካለፈ የባትሪ ዋጋ አስቀንስ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ «ኮሽን» ካለ ኤስኤስዲው ወደ ሞት እየሄደ ነው።

ሳትረሳ እንደገና አስነስተህ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ግባ። ከውጭ ድርጅቶች የወጡ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ የባዮስ ፓስዎርድ ወይም ከርቀት የሚቆልፍ አብሶሉት የሚባል ሲስተም በርቶባቸው ይመጣሉ። ፓስዎርድ ከጠየቀህ በምንም ዋጋ አትግዛ። ስክሪኑንም ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ምስል ከፍተህ እየው፤ ሻጩ «45% ኤንቲኤስሲ» ካለህ ከለሩ የደበዘዘ ነው፣ ለደንበኛ የምታሳየው ሥራ ሌላ ስክሪን ላይ ሌላ ይመስላል። «100% ኤስአርጂቢ» የሚለውን ፈልግ።

ጥያቄ፦ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። ላፕቶፕ የግድ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ማሽኑ ከጠረጴዛ የማይነሳ ከሆነ ዴስክቶፕ ግዛ። የዴስክቶፕ አርቲኤክስ 3060 በብዛት የሚገኘው 12 ጂቢ ሆኖ ነው፤ የላፕቶፑ 3060 6 ጂቢ ነው። ሙቀቱ ይቀላል፣ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይቀየራል። ለስብሰባ ቀለል ያለ ላፕቶፕ ይበቃሃል። በቀረው ብር ዩፒኤስ ግዛ፤ ዴስክቶፕ መብራት ሲሄድ የሚቆይበት ባትሪ የለውምና።