ደወል በማይሰማበት አገር የጸሎት ሰዓትን ስለ መጠበቅ

እኅታችን ሆይ፣ በመስከረም ለ2 ዓመት ትምህርት ወደ ስዊድን እንደምትሄጂ፣ እዚህ ባሕር ዳር ሳለሽ ጠዋትና ማታ መጸለይ ከብዶሽ እንደማያውቅ፣ አምና ግን ለ3 ሳምንት ሥልጠና ናይሮቢ ስትሄጂ በአራተኛው ቀን ጸሎትሽ እንደ ተቋረጠ ጽፈሽ «ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ልዝለቀው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ወንድሞችና እኅቶች በርቺ ብለውሻል፤ እኔም በርቺ እላለሁ። ነገር ግን የወደቅሁበትንና የተነሣሁበትን በዝርዝር ብነግርሽ ይበልጥ ይጠቅምሻል ብዬ ስላሰብሁ፣ ጽሑፉ ቢረዝም ታገሺኝ።

እኔ ከጥቅምት 2005 ዓ.ም. ጀምሮ 18 ወር በኔዘርላንድ፣ ደልፍት በተባለች ከተማ ስለ ውኃ ሀብት አስተዳደር ተምሬያለሁ። ከመሄዴ በፊት ራሴን ጸሎተኛ አድርጌ እቈጥር ነበር። ቤታችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ አይርቅም፤ ገና ሳይነጋ የኪዳኑ ዜማ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። እናቴ ከዚያ ቀድማ ተነሥታ ዳዊቷን ከማኅደሩ አውጥታ ቆማ ትደግማለች፤ ከዓመት ዓመት የጧፏ ሰም ጠብ ያለበት የገጾቹ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፤ ጣቷን በምራቋ አርሳ ቅጠሉን ስትገልጥ የሚያሰማውን ድምፅ ከመኝታዬ ሆኜ እለየዋለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሳልሜ አልፋለሁ፤ ወር በገባ በ21 ጎረቤት ዝክር አለ፣ በ23 ጓደኛ ለጊዮርጊስ ይጠራኛል፣ ጾም ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ይጾማል። ደልፍት ገብቼ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲቀር ነው፣ የእኔ ነው የምለው ጸሎት ምን ያህል ትንሽ እንደ ነበረና የቀረውን እናቴና ሰፈሬ ተሸክመውልኝ እንደ ኖሩ የገባኝ። የአንቺም የናይሮቢው ነገር ከዚህ የተለየ አይመስለኝም፤ ስለዚህ እምነቴ ደክሞ ነው ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ።

የእኔ ስሕተት የጀመረው ከአቅሜ በላይ በመሳሌ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ነግህ (ንጋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (መኝታ) እና መንፈቀ ሌሊት ብላ ሰባት የጸሎት ጊዜያትን እንደ ሠራችልን፣ መሠረቱም ዳዊት በመዝሙር 118 በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ያለው ቃል እንደ ሆነ ታውቂያለሽ። ባሕር ዳር ሳለሁ ሁለቱን እንኳ ያለ ቀስቃሽ ያልፈጸምሁ ሰው፣ ቦሌ አውሮፕላን እየጠበቅሁ ሰባቱንም ላደርስ፣ በዚያም ላይ የየዕለቱን ዳዊት ሙሉውን ልደግም ለእግዚአብሔር ቃል ገባሁ። የሰኞው ድርሻ ብቻ 3 ንጉሥ፣ ማለትም 30 መዝሙር ነው። ይህም አልበቃኝ ብሎ ከእናቴ ጋር አንድ ላይ ለመቆም ስል ሰዓቱን በባሕር ዳር ቈጠራ ያዝሁት። አውሮፓውያን በእነርሱ ጥቅምት (ኦክቶበር) የመጨረሻው እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ልዩነቱ 2 ሰዓት ሆነ፤ እናቴ ከንጋቱ 12 ሰዓት ስትቆም እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ፤ ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ሲናገር ዓይኔን መግለጥ እያቃተኝ ሄደ።

ኅዳር 12 ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ ወዲህ አገራችን በዚያ ዕለት «ኅዳር ሲታጠን» እያለች እንዴት እንደምትታጠን ታውቂያለሽ፤ ናፍቆቱ አላስቀምጥ ስላለኝ እናቴ በወረቀት ጠቅልላ ከሰጠችኝ እጣን ጥቂት ፍሬ በትንሽ ሳህን ላይ አጤስሁ። የጪሱ ደወል ጮኸ፤ የሕንፃው ተማሪ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ብርድ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ አንዲት እናት ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ከሁሉ በላይ ያ ሕፃን አሳፈረኝ። በማግስቱ የሕንፃው ኃላፊ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴን ጨርሼ ተውሁት። ድካሙ፣ ዕፍረቱና ያፈረስሁት ቃል አንድ ላይ ተደርበው መጽሐፉን መግለጥ ቀርቶ ማየት አስፈራኝ። (አንቺ ግን ጧፍም እጣንም በክፍልሽ አታብሪ፤ ሕጉ የተሠራው ለሰው ነፍስ ነውና ማክበሩ ተገቢ ነው፤ ለእጣኑ ቤተ ክርስቲያን አለችልሽ።)

ከአምስት ሳምንት በላይ እንዲህ አለፈ። ታኅሣሥ 20፣ የገብርኤል ማግስት ቅዳሜ፣ የንስሐ አባቴ ከክብራን ገብርኤል ንግሥ በጀልባ ሲመለሱ እናቴ ቤት ገብተው ኖሮ ስልኩን ተቀብለው አነጋገሩኝ። ዘጌ ያደጉ መነኵሴ ናቸው። የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው አልተቈጡም፤ «ልጄ፣ ታንኳ ምን ያህል እንደምትጭን ሳታውቅ ነው ወይ ጣና ዳር ያደግኸው?» አሉኝ። የደንገል ታንኳ ውኃ እየመጠጠች ስትሄድ እንደምትከብድ፣ ቀዛፊው ይህን አውቆ ጭነቱን እንደሚቀንስ፣ ከተሻገረም በኋላ ዳር ላይ አቁሞ እንደሚያደርቃት አስታወሱኝና፣ በባዕድ አገር ያለ ሰው ብርዱም ቋንቋውም ብቸኝነቱም እንደ ውኃው እየገባ እንደሚያከብደው ነገሩኝ። ከዚያም ቃል ኪዳኔን በንስሐ ተቀብለው ሌላ ሥርዓት ሰጡኝ።

ያ ሥርዓት ይህ ነው። ጠዋት ከክፍሌ ሳልወጣ አማትቤ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፤ በቀትር ባለሁበት ቆሜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት፤ ማታ ከመተኛቴ በፊት መዝሙር 50 እና በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። ጠዋቱ ከ20 ደቂቃ፣ ማታው ከ10 ደቂቃ አያልፍም። አንድ ነገር ግን አጥብቀው አዘዙኝ፤ ልቤ ቢሞቅም፣ ጊዜ ቢተርፈኝም፣ እስከ 40 ቀን ድረስ አንዲት መዝሙር እንዳልጨምር። ያን ጊዜ ነገሩ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሁሉ የጠቀመኝ እርሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እኔን የጣለኝ ሁልጊዜ የሞቀው ቀን እንጂ የቀዘቀዘው ቀን አልነበረም። ይህን ልክ ለአንቺ ሥርዓት አድርጌ አልሰጥሽም፤ የአንቺን የሚያውቁት የንስሐ አባትሽ ናቸው፤ ቲኬቱን ከመቍረጥሽ በፊት ሄደሽ አማክሪያቸው።

ሰዓቱንም የቆምሁበት አገር ሰዓት እንዲሆን አዘዙኝ። እዚህ ላይ የእኛ የሰዓት ቈጠራ ትልቅ ስጦታ ሆነልኝ። በሐዋርያት ሥራ መንፈስ ቅዱስ የወረደው ከቀኑ በሦስት ሰዓት ነው፤ ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡት በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ይህ ሁሉ እኛ ዛሬም ከንጋት ጀምረን እንደምንቈጥረው ነው። ፈረንጁ ዘጠኝ የሚለው የእኛ ሦስት፣ ዐሥራ ሁለት የሚለው የእኛ ስድስት ነው። ስለዚህ ስልኬን ለትምህርቱ በእነርሱ ቈጠራ ትቼ፣ የእጅ ሰዓቴን በእኛ ቈጠራ ግን በዚያው አገር ጊዜ ሞላሁት። እጄን ባየሁ ቁጥር ቀትር መሆኑን፣ ጌታ በመስቀል ላይ የዋለበት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ሲል ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠባት ሰዓት ናት። የተሰዓት ጸሎት ሥርዓት አልተሰጠኝም ነበርና ዝም ብዬ ባማትብ እንኳ ቀኑ ቅርጽ ነበረው።

የቀትሩ ጸሎት ከሁሉ የሚያስቸግር መስሎኝ ነበር፤ ሰው በተሰበሰበበት የትስ ይቆማል? ሐዋርያው ጴጥሮስ ግን በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ወደ ጣራ የወጣው በኢዮጴ፣ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት በእንግድነት ሳለ ነው፤ ያን ክፍል ሳነብ እርሱም መንገደኛ እንደ ነበር ትዝ አለኝና በሕንፃው ላይኛ ደረጃ ላይ አንድ መስኮት መረጥሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የክፍሌ ልጅ እዚያው ቆሞ አገኘሁት፤ ግብፃዊ ነው፣ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ልጅ። የእነርሱ የሰዓታት መጽሐፍ አግቢያ እንደሚባል፣ እርሱም ሰባት ጊዜ እንዳለው፣ የሦስት፣ የስድስትና የዘጠኝ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ እንደ ሆነ ያን ቀን ነው የሰማሁት። የግድቡ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበርና በክፍል ውስጥ ስለ ዓባይ ስንከራከር ድምፃችን ከፍ የሚልበት ቀን ብዙ ነው፤ በቀትር ግን እርሱ በዐረብኛ፣ እኔ በግእዝ፣ ጎን ለጎን ቆመን ጨርሰን አብረን ለምሳ እንወርድ ነበር። አንቺም በምትሄጂበት ከተማ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ብትርቅብሽ፣ የቅብጥ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድ ወይም የኤርትራ ኦርቶዶክስ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ በእምነት አንድ ነንና።

ስዊድን ከኔዘርላንድ ይልቅ ወደ ሰሜን ስለሆነች ስለ ብርሃኑ ልንገርሽ። ባሕር ዳር ፀሐይ ክረምት ከበጋ ወደ 12 ሰዓት ግድም ወጥታ ወደ 12 ሰዓት ግድም ትገባለች፤ ስቶክሆልም ግን በታኅሣሥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጥታ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣለች፣ የምትገባውም ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው። ጸሎትሽን ሲነጋ እና ሲመሽ ብለሽ ከያዝሽው በክረምታቸው ሠርክና ተሰዓት ይገናኙብሻል፣ በበጋቸው ደግሞ ሠርክ አልመጣም እያልሽ እንቅልፍ ይወስድሻል። ስለዚህ ከብርሃን ጋር አታስሪው። ከመንቃትሽ፣ ከቤት ከመውጣትሽና ከመኝታሽ ጋር እሰሪው፤ እነዚህ በየትኛውም አገር አይቀሩም። እኔ ነጠላዬን ከበሩ መያዣ ላይ አንጠለጥለው ነበር፤ ሳላነሣው በሩን መክፈት አልችልም።

የቀረው በአጭሩ ነው። ክፍልሽ እንደ ገባሽ ምሥራቁን በስልክሽ ኮምፓስ ፈልጊና ሥዕልሽን በዚያ በኩል አድርጊ። አብራሽ የምትኖር ልጅ ካለች በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት፤ የእኔ የክፍል ጓደኛ ነግሬው ሙዚቃውን ይቀንስልኝ ነበር፣ ሳልነግረው ግን ሁለት ወር ሙሉ ተደብቄ ነው የጸለይሁት። የጸሎት መጽሐፍሽ የወረቀት ይሁን፤ በስልክ የጀመርሁት ውዳሴ ማርያም ስንት ጊዜ በመልእክት ድምፅ እንደ ተቋረጠብኝ አልቈጥረውም። በአውሮፕላን ውስጥ ምሥራቁ የት ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ መቁጠሪያሽን በኪስሽ እንደ ያዝሽ በልብሽ ማድረስ ይበቃል። የውዳሴ ማርያሙም ዕለት የደረስሽበት አገር ዕለት ነው።

ያመለጠሽን ጸሎት ግን በማግስቱ እጥፍ አድርገሽ አትክፈዪ። እኔ ይህን ሞክሬ፣ አንድ ቀን ሲያመልጠኝ ሁለት፣ ሁለት ሲያመልጠኝ አራት እያደረግሁ ዕዳው እንደ ገና አንቆኝ ነበር። የንስሐ አባቴ የከለከሉኝ ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፤ ያለፈውን በንስሐ ለእግዚአብሔር ተዪው፣ የዛሬውን በልኩ አድርሺ። ፈተና ባለብኝ ሳምንት ጠዋቱን ሙሉ በሙሉ ያጣሁበት ቀን አለ፤ ማታ መዝሙር 50ን ቆሜ ደግሜ ተኛሁ፣ በማግስቱም የተነሣሁት እንደ ወትሮው ነው።

እስከ መስከረም ድረስ ጊዜ አለሽ። የንስሐ አባትሽ የሚሰጡሽን ልክ እዚሁ ባሕር ዳር 40 ቀን ጀምሪው፤ ግን እናትሽ እንዳይቀሰቅሱሽ ለምኛቸው፣ የኪዳኑንም ድምፅ ሳትጠብቂ ተነሺ። እኔ ለ18 ወር ይዣት የኖርሁ የኪስ ውዳሴ ማርያም አለችኝ፤ የቆዳ ማኅደሯ ጥጉ ላይ ተተርትሯል እንጂ ፊደሏ ደኅና ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ይዣት እቆያለሁ፤ መጥተሽ ውሰጃት፣ ስትመለሺ ትመልሽልኛለሽ።