ኪቦርዲስቱ ለሄደበት ቤዚስት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ኪቦርዲስታችሁ ውጭ ሄዶ ሊድ ጊታር፣ ድራምና ቤዝ ብቻ ቀርታችኋል። ዘፋኙ ሲዘፍን ደህና ነው፤ ሊዱ ሶሎ ሲገባ ግን ቤቱ ባዶ ይሆናል። ለቤዝህ ኦክታቨር (በእግር የሚረገጥ፣ ኖታውን አንድ ኦክታቭ አውርዶ የሚደርብ ፔዳል) ልግዛ ወይስ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ፔዳል) ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ "ኦክታቨር ግዛ፣ ያወፍርልሃል" ብለዋል። እኔ ግን አትግዛ ባይ ነኝ።

የእኛም ኪቦርዲስት እንዲሁ ነው የሄደው። ዱባይ ለአጭር ሥራ ብሎ ወጥቶ እዚያው ቀረ፤ ይቅናው። አንተም እንደ እኛ ላውንጅና ሠርግ ላይ፣ በቤቱ ሳውንድ፣ ባለ 4 ክር ቤዝ የምትጫወት አድርጌ ነው የምመልስልህ።

1. የጎደለህ ታች አይደለም፤ መሃል ነው። ኪቦርዲስት ቀኝ እጁን ኮርድ ላይ አሳርፎ ሲቆይ፣ ከቤዙ በላይና ከዘፋኙ በታች ያለውን ቦታ ሁሉ ይሸፍነዋል። እሱ ሲሄድ የተከፈተው ያ ቦታ ነው። ኦክታቨር ደግሞ የሚጨምርልህ ታች ነው። የቤዝህ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ክፍቱን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው። አንድ ኦክታቭ ሲወርድ 20 ኸርዝ ተኩል ገደማ ይሆናል። ይሄ የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምርበት ጠርዝ ነው። የላውንጅ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። ስፒከሩ ይርገበገባል፣ አምፑ ይደክማል፣ የሚሰማ ነገር ግን የለም።

ችክችካ ላይ ደግሞ ይብሳል። የድሮዎቹ ኦክታቨሮች በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚከተሉት፤ ታች ስትወርድ ይንተባተባሉ። ቦስ ኦሲ 2 በ1982 የወጣ፣ እስከዛሬ ሰው የሚሻማበት ፔዳል ነው። እሱም ቢሆን ወፍራሙ ክር ላይ ወደ ታች ስትሄድ ይደናቀፋል። በ2020 የወጣው ኦሲ 5 በደንብ ይከተላል። ሬጌ ላይ፣ ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ሆነህ ረጋ ብለህ ስትጫወት ልክ እንደ ሲንዝ ቤዝ ይሆንልሃል፣ ይጣፍጣል። ሁለተኛ ፔዳልህ ይሁን። የመጀመሪያህ ግን አይሁን።

ዩቲዩብ ላይ ሮያል ብለድ የሚባሉትን እንግሊዞች አይተሃቸው ይሆናል። ቤዝና ድራም ብቻ ናቸው። ቤት የሚሞሉት ቤዙን ወደ ታች በማውረድ አይደለም፤ ቤዙ በጊታር አምፕም ስለሚወጣ ነው። ወደ ላይ ነው የሚሞላው።

2. ስለዚህ የምትገዛው ኦቨርድራይቭ (ለስለስ ያለው ዲስቶርሽን) ነው፣ ያውም ብሌንድ (መቀላቀያ) ያለው። ብሌንድ ከሌለው አትግዛ። ቤዝ ሲሻክር ታቹ ይሳሳል። ብሌንድ ያለው ፔዳል ግን ንጹሑን ድምፅህን እንዳለ ይተውልህና ሻካራውን ከላይ ይደርብልሃል። መሃሉን የሚሞላልህ ሻካራው ነው። ቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ብሌንድ አለው። የፊንላንዶቹ ዳርክግላስ ቢ3ኬም አለው። ቢግ መፍ (ድምፅን በኃይል የሚያሻክረው ፔዳል) ካልሆነ አልልም ካልክ ለቤዝ የተሠራውን ፈልግ፤ እሱ ንጹሑን የሚቀላቅል ማብሪያ አለው። የጊታሩ ቢግ መፍ መሃሉን ይቀንሳል፤ አንተ ደግሞ መሃል ነው ያጣኸው።

እኔን አንድ ሱቅ የጊታሩን "ለቤዝም ያው ነው" ብሎ ሸጦልኛል። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ስሞክረው ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ልምምድ ላይ ድራመራችን በመሃል አቁሞ "ቤዝ ተውክ እንዴ?" አለኝ። በማግስቱ ይዤው ስሄድ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በጣቱ አሳየኝ፤ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።" እሺ በሌላ ቀይርልኝ ብለው "መጫወት ካልቻልክ እኔ ምን ላድርግህ" አለኝና ሻዩን መጠጣት ቀጠለ። የአንድ ሠርግ ክፍያዬ እዚያ ቀረ። ፔዳሏ አሁን ሊዳችን ጋ ናት፤ እሱስ ወዷታል። ምን ለማለት ነው፣ ሱቅ ስትሄድ የልምምዳችሁን ቅጂ ስልክህ ላይ ይዘህ ሂድ። ድራሙን ጮክ አድርገህ ክፈትና ከእሱ ጋር ሞክረው። ብቻውን ሲሰማ የማያምር ፔዳል የለም።

3. ሳውንድ ማን። ይሄኛው ምክር ሳይሆን ብሶት ነው፣ ታገሰኝ።

ጥሩውን ፔዳል ገዝቼ አንድ ሆቴል ሥራ ገባን። ስሙ ይቅር። ሳውንድ ማኑ ጃኩን ከእጄ ተቀብሎ ቤዜን በቀጥታ ዲአይ ቦክሱ (የቤዙን ድምፅ ወደ ሚክሰሩ የምታስተላልፈው ሳጥን) ላይ ሰካው። ከዲአይው የሚያልፈውን ወደ ፔዳሌ፣ ከፔዳሌ ደግሞ አጠገቤ ወዳለው ትንሽ አምፕ ሰደደው። ገባህ አይደል? ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ፔዳሉን ጨርሶ ያልነካው ድምፅ ነው። "ወንድም፣ ፔዳሉ ከዲአይው በፊት ይሁን" አልኩት። "እዚህ ቤት ስንት ዓመት እንደሠራሁ ታውቃለህ? ቤዝ ሁሌም እንዲህ ነው የሚሰካው" ብሎኝ ወደ ሚክሰሩ ሄደና ስልኩን ማየት ጀመረ።

ማታውን ሙሉ ሊዱ ሶሎ በገባ ቁጥር ፔዳሌን እረግጣለሁ። አጠገቤ ያለው አምፕ ያገሳል። አዳራሹ ውስጥ ግን ያው ባዶ ነው። እረፍት ላይ የሊዱ ሚስት መጥታ "ዛሬ ምነው ቀዘቀዛችሁ?" አለች። ወደ ሳውንድ ማኑ ተመልሼ ብለምነው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ፔዳልህ ሚክሰሬን ያቃጥልብኛል።" 9 ቮልት የሚበላ ፔዳል! ድምፃችን ከፍ ሲል ማናጀሩ መጣና እኔን ነው የተቆጣው፤ "የሳውንዱን ሰው አትረብሸው" አለ። ከዚያ በኋላ ደግመው አልጠሩንም። ቦታችን ላይ ያስገቡት ኪቦርድ ያለው ባንድ ነው።

አሁን ሳንስአምፑን ይዤ የምዞረው ለዚህ ነው። ኤክስኤልአር መውጫው (ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ገመድ የሚሰካበት) ፔዳሉ ላይ ስላለ ዲአይ ቦክስ የሚባል ነገር አያስፈልገኝም። ገመዱን ለሳውንድ ማኑ አቀብለውና "ይሄው ቤዝህ" እለዋለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በዚያ ላይ ከሚክሰሩ በዚያው ገመድ በሚመጣው ኃይል፣ በፋንተም ፓወር፣ ስለሚሠራ አዳፕተር ብረሳም አልደነግጥም።

አዳፕተር ካልን አይቀር። አሜሪካ ያለ ዘመድ ፔዳል ሲልክልህ 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበትን አዳፕተር እዚያው ይተወው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። የዋይፋይ አዳፕተርም ቀዳዳው ገጠመልኝ ብለህ እንዳትሰካ። አብዛኛው 12 ቮልት ሆኖ ፕላሱ መሃል ነው። አብዛኛው ፔዳል የሚፈልገው ደግሞ 9 ቮልት ሆኖ ማይነሱ መሃል የሆነውን ነው። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ሥዕል አይተህ ስካ።

4. አጨዋወት። ፔዳሉ ብቻውን አይሞላልህም። ሊዱ ሶሎ ሲገባ ፔዳሉን ረግጠህ መነሻ ኖታውን ከአምስተኛው ጋር አብረህ ያዝ። ሦስተኛውን አትጨምር፤ ከድራይቭ ጋር ይደበላለቃል። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም ላይ ይሄ ይሠራል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ተጠንቀቅ። እዚያ ቅኝት ውስጥ አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ከመነሻው ላይ እንደለመድከው አምስተኛ ከመታህ ከሊዱ ጋር ትጋጫለህ፤ ኦክታቭ ብቻ ያዝ። እኛ ይሄን እስክናውቅ ሊዱና እኔ ተኮራርፈን ነበር፤ እሱ እኔን ቅኝት አታውቅም ይለኛል፣ እኔ እሱን ጊታርህን ቃኝ እለዋለሁ።

ድራይቩን ከግማሽ በታች አድርገው። ቮሊዩሙን ፔዳሉ ሲበራም ሲጠፋም እኩል እስኪሆን አስተካክል፤ ድራሙ እየተመታ እንጂ በጸጥታ አይደለም። ዘፋኙ ሲመለስ አጥፋው። ሙሉ ዘፈን ክፍት ከተውከው ሶሎው ሲመጣ የምትጨምረው ነገር አይኖርህም።

አንዱ እዚህ የሮሃ ባንዱን ቤዚስት አንስቶ "ጆቫኒ ሪኮ ፔዳል ነበረው ወይ?" ብሎ ሊያሾፍብህ ሞክሯል። ሮሃ ባንድ ኪቦርድም ሳክስም ነበረው። አንተ ማን አለህ?

ቤዝህ ባለ 5 ክር ከሆነ ንገረኝ፤ ያኔ ብሌንዱን የምታስቀምጥበት ቦታ ይለያል። የትኛው ሱቅ እንደማትገባ ደግሞ በውስጥ መስመር እነግርሃለሁ።