ማሩን ከማስመርመርህ በፊት ሰሙን እይ

የሞረትና ጅሩው ወንድሜ፣ «ቀፎዬ ላይ መድኃኒት ረጭቼ አላውቅም፤ ገዥው ግን ኦርጋኒክ ለመሆኑ የላብራቶሪ ወረቀት አምጣ አለኝ፤ ምን ላስመርምር?» ላልከው፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ።

1. እርሻ በከበበው እነዋሪ ሜዳ ላይ ተቀምጠህ ለአውሮፓ ገበያ «ኦርጋኒክ» ማለት አይሆንልህም። በደንባቸው ከቀፎው ዙሪያ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው አበባ በአብዛኛው ኦርጋኒክ ሰብል ወይም የዱር እፅዋት መሆን አለበት። ወደ 2,800 ሄክታር መሆኑ ነው! ስንዴና ምስር መሀል ይህን ከየት ታመጣለህ? ቀፎውን ወደ ጀማ ወንዝ ገደል አፋፍ፣ ቁጥቋጦው ወዳለበት ካወረድከው ተስፋ አለው። ከዚያ አንድ ዓመት የሽግግር ጊዜ አለ፤ ሰሙም ይለወጣል።

2. ሰሙ። ሁሉም ማር ይዞ ላብራቶሪ ይሮጣል፣ ጉዱ ግን ሰሙ ውስጥ ነው። ስብ የሚወዱት የቫሮአ (ንብ ላይ የሚጣበቅ ጥቃቅን ጥገኛ ተባይ) መድኃኒቶች፣ እነ ኩማፎስና ፍሉቫሊኔት፣ ሰም ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። ብታቀልጠው፣ ብታጣራው፣ በማተሚያ መልሰህ የሰም ሉህ ብታደርገው አይለቁም፤ ከዓመት ዓመት ይጠራቀማሉ። ውኃ የሚወዱት፣ እነ ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለው ፀረ ተባይና ሰልፋ አንቲባዮቲኮች፣ ማሩ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ከየጠጅ ቤቱ ሰፈፍ ተለቅሞ የታተመ ሰም ገዝተህ ፍሬምህ (የዘመናዊ ቀፎ የእንጨት ማዕቀፍ) ላይ ስታጣብቅ፣ የማታውቀውን ሰው ቀፎ ታሪክ አብረህ ገዛህ። የኛ ንብ ቫሮአን ያለ መድኃኒት ትችለዋለች፤ ይህን ዕድል በርካሽ ሰም ማበላሸት ያናድዳል። ከባህላዊ ቀፎ አዲሱን ነጭ የማር እንጀራ ለይተህ፣ ራስህ አቅልጠህ፣ ራስህ አሳትም።

3. ዕቃ ቤቱ። ባዶ ፍሬሞችን ከሰም እራት (ትሏ ሰም ከምትበላው የእሳት እራት) ለማዳን ሣጥን ውስጥ ናፍታሌን ጣል የሚያደርገው ስንቱ ነው! ሰሙ ይጠጣዋል፣ ፍሬሙ ቀፎ ሲመለስ ደግሞ ወደ ማሩ ያልፋል። ፍሬሞቹን ብርሃንና ነፋስ ባለበት አራርቀህ ስቀላቸው፤ እራቷ ጨለማና ሙቀት ነው የምትወደው፣ የደጋው ብርድ ግማሹን ሥራ ይሠራልሃል። ለበግ መዥገር የምትረጨው አሚትራዝ ከማር ባልዲ ጋር አንድ ቤት አይደር። የአውሮፓ ጣሪያ በኪሎ ማር 0.2 ሚሊግራም ነው፤ አሚትራዝ ቶሎ ቢበታተንም ላብራቶሪው ብጥስጣሹንም ደምሮ ይለካዋል። ጉንዳን መጣ ብለህ ከቀፎው ሥር ማላታይን የተባለውን ፀረ ተባይ አትነስንስ፤ አመድ ይበቃል። ለማጨሻው ደረቅ ኩበት አለልህ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ምን አስፈለገ? ማሩን ቆርቆሮው በተላጠ ጣሳ አታስቀምጥ፤ ማር አሲድ ስለሆነ ብረት ይበላል።

አሁን ወረቀቱ። «ከኬሚካል ነፃ» ብቻ የሚል ውጤት ከተሰጠህ አትቀበል። የተፈለጉት ንጥረ ነገሮች በስም፣ ከየስማቸው ትይዩም መሣሪያው ሊለካው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን መጻፍ አለበት። አንቲባዮቲክና ፀረ ተባይ የተለያየ ምርመራ ነው፣ ዋጋውም ለየብቻ፤ አስቀድመህ ጠይቅ። የኦርጋኒክ ማኅተም ከማይከላከላቸው አንዱ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ነው፤ አንዳንድ የዱር አበባ ራሱ የሚሠራው መርዝ ስለሆነ ኦርጋኒኩም መደበኛውም ማር ውስጥ ይገኛል።

ናሙና በውኃ ፕላስቲክ ይዘህ ከሄድክ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩህ የሚመልሱ ቢሮዎች አሉ፤ ምክንያቱን ቢነግሩ ምን ነበረበት! ታጥቦ በደንብ የደረቀ የግማሽ ኪሎ ብርጭቆ ጠርሙስ ያዝ፣ ፀሐይ አይንካው፣ የቀፎውን ቁጥርና የተቆረጠበትን ቀን ለጥፍበት። ከዚያው ቀፎ ሰምም ቆርጠህ በሌላ ጠርሙስ ለብቻ አድርግ፤ ብር ካነሰህ መጀመሪያ እሱን አስመርምር።