ጠጥቼ ሳሽከረክር ተያዝኩ፤ የትኛውን ጠበቃ ልያዝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ማታ ከክርስትና ድግስ ስመለስ ፌርፋክስ ውስጥ ፖሊስ አስቆመኝ። መንገድ ላይ አስነፋኝ፤ ጣቢያ ወስዶም አስነፋኝ። በደሜ ውስጥ ያለው አልኮል 0.11 አለ። ከዚህ በፊት ምንም ጥፋት የለብኝም። ግሪን ካርድ አለኝ፤ በሚመጣው ዓመት ለዜግነት ላመለክት ነበር። የምተዳደረው በኡበር ነው። የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ጠበቃ በ1,200 ዶላር «ክሱን አዘጋዋለሁ» ብሎኛል። ሌላው 4,500 ጠየቀኝ፤ ግን ምንም ቃል አልገባም። የአጎቴ ልጅ ደግሞ እሱን ነፃ ያወጣው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሀበሻ ጠበቃ አለ ይለኛል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ እንኳን ሰው ሳይጎዳ ቀረ። አሁን ወደ ጉዳያችን።

ቃል የገባልዎትን ይተውት። የፖሊሱን ካሜራ ያላየ፣ የማሽኑን ወረቀት ያላነበበ ሰው ክሱ እንደሚዘጋ ከየት አወቀ? «ካላሸነፍኩ ገንዘብ አልቀበልም» የሚልም ካጋጠመዎት ይሽሹት። በወንጀል ጉዳይ እንደዚያ ብሎ መዋዋል ለጠበቃ ክልክል ነው።

የአጎትዎ ልጅ ጠበቃ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። እኛ ሀበሾች ጠዋት ቨርጂኒያ ሠርተን ማታ ሜሪላንድ እራት ስለምንበላ ሁሉም አንድ አገር ይመስለናል። ሕጉ ግን ድልድዩን ሲሻገሩ ይለወጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘን ሰው የጥፋተኝነት ፍርድ ሳይመዘግብ በአመክሮ ሊለቀው ይችላል። የአጎትዎ ልጅ «ነፃ ወጣሁ» የሚለው ምናልባት ይህንን ነው። ቨርጂኒያ ለዚህ ክስ እንዲህ ያለ የተለመደ በር የላትም። ስለዚህ ጠበቃው የቨርጂኒያ ፈቃድ አለው ወይ? ጠበቆችን የሚቆጣጠረው የቨርጂኒያ ስቴት ባር ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፈው በነፃ ማየት ይችላሉ። ተቀጥቶ የሚያውቅ ከሆነም እዚያው ይወጣል።

አሁን ጠበቃን የምፈትንበትን አንድ ጥያቄ ልስጥዎት። «0.11 አለ» ብለው ጻፉልኝ። የትኛው ነው 0.11 ያለው? መንገድ ዳር ፖሊሱ በእጁ ይዞ ያስነፋዎት ትንሽ መሣሪያ ነው ወይስ ጣቢያ ያለው ትልቁ ማሽን? ሰው ሁለቱንም «አስነፉኝ» ብሎ ያልፋል። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። የመንገድ ዳሩ ቁጥር ፖሊሱ እርስዎን ለመያዝ ምክንያት እንዲያገኝ ነው የሚያገለግለው። በችሎት ላይ ጥፋተኛ መሆንዎን ለማስረዳት አይቀርብም። የሚቀርበው የጣቢያው ነው፤ የታተመ ወረቀት ያለው።

እንግዲህ ጠበቃው ዘንድ ሲሄዱ 0.11 ነው ይበሉና ዝም ይበሉ። «የትኛው?» ብሎ ካልጠየቀ አመስግነው ይውጡ። ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ጥያቄው በዚያ አያበቃም። ለምን አስቆመህ አለ? በስንት ሰዓት ያዘህ? ስካርህን ለመፈተን በአንድ እግር ሲያቆምህ ምን ጫማ አድርገህ ነበር? መሬቱ ዘንበል ያለ ነበር? የጉልበት ሕመም አለብህ? ችሎት ላይ ክስ የሚላላው ብዙ ጊዜ በነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

የሚጠብቅዎትንም ይወቁት። የመጀመሪያ ጥፋት ቢሆንም ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ ወንጀል ነው። ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ነው፤ የገንዘቡ ወለል 250። ከ0.15 በታች መሆንዎ ደግ ነው። ከዚያ ጀምሮ ዳኛው ሊቀንሰው የማይችለው የአምስት ቀን እስር ይመጣል፤ ከ0.20 ካለፈ አሥር ቀን። ከተፈረደብዎት መንጃ ፈቃድዎ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። የተገደበ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን መኪናው ላይ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ይገጠማል። ሞተር ለማስነሳት ይነፋሉ፤ እየነዱም ድንገት «ንፋ» ይላል። ተሳፋሪ ከኋላ አስቀምጠው ያስቡት! ደግሞም ኡበር የሾፌሮቹን መዝገብ ያያል። ስለዚህ ጠበቃውን «ከእስር ታድነኛለህ?» ብቻ አይበሉት። «ክሱ ወደ ሌላ ጥፋት ዝቅ የሚልበት ዕድል አለ? እንጀራዬስ ምን ይሆናል?» ይበሉት።

ግሪን ካርዱ ደግሞ ለብቻው ነው። ጉዳት ያላደረሰ አንድ ጊዜ ጠጥቶ ማሽከርከር ብቻውን በአብዛኛው ከአገር አያስወጣም፤ ይረጋጉ። ሁለተኛ ጊዜ ግን አይሞክሩት። ከ2019 ጀምሮ፣ ለዜግነት የአመልካቹ ጠባይ በሚመረመርበት ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ተቆጥሮ ነው የሚጀመረው። በአመክሮ ላይ እያሉም የዜግነት ማመልከቻ አይጸድቅም። ማመልከቻው መታሰርዎንም ይጠይቃል፤ ነፃ ቢወጡም መልሱ «አዎ» ነው። ማታ መኪናው ውስጥ ልጅ ከነበረ ወይም ማሪዋና ከተገኘ ነገሩ ይለወጣል። ይህንን ለጠበቃው ሳይጠይቅዎት ይንገሩት። የኢሚግሬሽን መዘዙን ማስረዳት ግዴታው ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኖታል። «እኔ ኢሚግሬሽን አልሠራም» ካለ ጥፋት አይደለም። «የሚሠራ ሰው ጠይቄ እነግርሃለሁ» ካላለ ግን ጥፋት ነው።

«ሀበሻ ይሻላል ወይስ ፈረንጅ?» የሚል ጥያቄም ከደብዳቤዎ ጀርባ ይሰማኛል። በችሎት ላይ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይመደብልዎታል፤ ስለዚህ ለቋንቋ ብለው ብቻ አይምረጡ። እኔ ሀበሻ ጠበቃ ሆኜ ነው ይህን የምለው። ጉዳይዎ በሚታይበት ፍርድ ቤት፣ በፌርፋክስ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት፣ በየሳምንቱ የሚቆም፣ ዳኞቹንና ዐቃቤ ሕጎቹን የሚያውቅ ሰው ይሻልዎታል። ሲሄዱም ብቻዎን ይሂዱ። የኛ ሰው ከአጎቱ፣ ከጓደኛውና አንዳንዴም ከንስሐ አባቱ ጋር ነው የሚመጣው። እኔ ቡና አቅርቤ ውጭ አስቀምጣቸዋለሁ። በእርስዎና በጠበቃዎ መካከል ያለው ምስጢር ሌላ ሰው ሲሰማው ጥበቃውን ሊያጣ ይችላል።

4,500 ውድ ነው ወይ? ውሉን ሳያዩ አይታወቅም። በጽሑፍ ይጠይቁ። ችሎት ድረስ የሚሄድበት ዋጋ ነው ወይስ የመጀመሪያው ቀጠሮ ብቻ? ችሎት የሚቆመው እሱ ራሱ ነው ወይስ ቢሮው ያለ ልጅ? ቢፈረድብዎት ወደ በላዩ ፍርድ ቤት፣ ወደ ሰርኪዩት ኮርት፣ ይግባኝ ለማለት ያለዎት አሥር ቀን ብቻ ነው፤ ያ በዋጋው ውስጥ አለ? «የተከፈለ አይመለስም» የሚል ካለበት ይጠንቀቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ጠበቃ ያልሠራበትን ገንዘብ መመለስ አለበት። የፖስታ ሳጥንዎ ደግሞ ሰሞኑን ከጠበቆች በመጣ ደብዳቤ ሞልቶ ይሆናል። ፖስታው ላይ «ማስታወቂያ» ይላል፤ ማስታወቂያ ነው። ስምዎን ያገኙት ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ነው እንጂ ጉዳይዎን አጥንተው አይደለም።

እስከ ቀጠሮው ጠበቃ ካላገኙ አይቅሩ፤ ይሂዱ። ዳኛው ሦስት ነገር ይጠይቅዎታል፦ ጠበቃ ትቀጥራለህ፣ መንግሥት ይመድብልህ ወይስ ያለ ጠበቃ ትቀርባለህ? «እቀጥራለሁ፣ ጊዜ ይሰጠኝ» ይበሉ። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ እንዲመደብልዎት ያመልክቱ። «ጉዳዩ ቶሎ ይለቅልኝ» ብለው ጠበቃ አልፈልግም የሚለውን ወረቀት ፈርመው እንዳይወጡ።

ዛሬ ማታ ግን አንድ ሥራ አለዎት። ወረቀት ያውጡ። ድግሱ ላይ ስንት ሰዓት ገቡ፣ ምን ያህል ጠጡ፣ ምን በሉ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ተነሡ፣ ፖሊሱ ምን አለ፣ እርስዎ ምን መለሱ፤ ሳይረሱት ሁሉንም ይጻፉ። ከላይ «ለጠበቃዬ» ብለው ያስቀምጡት። የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ አይልቀቁት።