ፓምፑ ይጮኻል፣ እሳት ግን የለም፦ ጥያቄና መልስ

ጋሼ፦ ዛሬ የምመልሰው የቤንዚን ፓምፕ ሽቧቸው ተነካክቶ የካንዴላ እሳት (ብልጭታ) ስለጠፋባቸው የድሮ ቶዮታዎች ነው። ሞዴሉንና ዓመቱን ንገሩኝ። ቤንዚን በሚሸትበት ቦታ እሳት አትፈትሹ።

ባለ ኮሮላው፦ ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. 1994 ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ። ሲሞቅ መንገድ ላይ ቀጥ ይል ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ሲያርፍ ይነሳል። ኤሌክትሪሺያኑ "ፓምፑ ኮረንቲ አያገኝም" ብሎ ከቁልፉ በቀጥታ ሽቦ (ዳይሬክት) ቀጠለው። አሁን ፓምፑ ይጮኻል፣ ሞተሪኖውም (ሞተር ማስነሻው) ያዞራል፣ ካንዴላው ላይ ግን እሳት የለም።

ጋሼ፦ ይኸውላችሁ! ስንቴ ልናገር? ሰውየው ቁልፉን ኦን አድርጎ፣ ጆሮውን ደቅኖ "ፓምፑ ዝም ብሏል" አለህ አይደል? የዚህ መኪና ፓምፕ ኦን ላይ ዝም ማለቱ ጤና ነው። ሞተሪኖ ሲመታ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን እስካወቀ ድረስ ብቻ ነው። ይህንን የምትነግረው ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያለችው ፒክአፕ፣ መዞሩን የምትለየው ትንሽ የሽቦ ጥቅል ናት። የእሷ ምልክት ሲጠፋ እሳቱም ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። ፓምፕህ አልታመመም፤ ታዞ ነው የቆመው። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ መነሳቱ ደግሞ የፒክአፕ ጠባይ ነው። ውስጧ ያለው ቀጭን ሽቦ በሙቀት ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገናኛል።

መጀመሪያ የተቀጠለውን ሽቦ አውጣ። ከቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው) ፖዘቲቭ ተጠልፎ ከሆነ ፓምፑ የቦቢናውን ቮልት ይሻማል። ሞተሪኖው እየዞረ የቦቢናውንም የባትሪውንም ቮልት ለካ፤ የቦቢናው ከባትሪው በጣም ከወረደ አንዱ ጥፋት እዚያ ነው። ቀጥሎ ባትሪ ሳትፈታ ኮዱን (ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ቁጥር) አንብብ። ኮፈኑ ስር ባለው መመርመሪያ ሶኬት ቲኢ1ን ከኢ1 ጋር አገናኝና ቁልፉን ኦን አድርግ። የቼክ ኢንጂን መብራቱ አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለቴ ብልጭ ካለ 12 ነው፤ ኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር አላየም ማለት ነው። 14 ከሆነ ፒክአፑን ተወው፣ ወደ ኢግናይተሩ (የቦቢናውን ኮረንቲ ወደሚቆራርጠው) እና ወደ ቦቢናው ሂድ።

የሐዋሳዋ፦ የእኔ ቪትዝ ቤንዚን ይበላል፣ ምን ይሻላል?

ጋሼ፦ እህቴ፣ ዛሬ አይደለም።

ሹፌሩ፦ ላዳ ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ፓምፑን ሞተሩ ራሱ ነው የሚገፋው። ሽቦ የለው፣ ምኑ ይቀጠላል?

ወጣቱ፦ ፑንቲናውን (የቦቢናውን ኮረንቲ የሚቆራርጠውን መገናኛ) በየጊዜው ማሸቱንስ ረሳኸው?

ሹፌሩ፦ በአንድ ሳንቲም አስተካክዬ ስንት ዓመት ሠርቼበታለሁ!

ጋሼ፦ ላዳችሁን ውጭ አቁሙልኝ።

ስም የለሹ፦ መኪናዬ አይነሳም። ምን ልግዛ?

ጋሼ፦ ምን መኪና? እሳት አለው? ሽቦው ተነክቷል? ሳይለኩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ከላይ አንብብ።

የደሴው፦ የእኔም ኮሮላ ነው። ሞተሪኖ ስመታ ምንም የለም፤ ቁልፉን ስለቅ አንዴ ቱፍ ብሎ ይጠፋል። ፓምፑ ከተቀጠለ ወዲህ ነው።

ጋሼ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ሞተሪኖ ስትመታ ሬዲዮህ ይጠፋል አይደል? ያ መስመር በዚያ ሰዓት ይቋረጣል። ሰውየው ሽቦ ሲያደባልቅ የእሳቱን መስመር ከሬዲዮው ጋር አጣምሮት ይሆናል። ሞተሪኖው እየዞረ ቦቢናው ላይ ቮልት አለ? ከሌለ አገኘኸው።

ሹፌሩ፦ ጋሼ፣ እኔ ዳይሬክት አድርጌ 4 ዓመት ነድቻለሁ። ምን ሆንኩ?

ጋሼ፦ አልተጋጨህማ! ሞተር ሲቆም ፓምፑ እንዲቆም የተደረገው ለምን ይመስልሃል? ቱቦ ተበጥሶ፣ ቁልፉ ኦን እንደሆነ ቢቀር ያንተ ፓምፕ ቤንዚኑን ሞተሩ ላይ መርጨቱን ይቀጥላል። ሽቦው ፊውዝ አለው?

ሹፌሩ፦ አላየሁም።

ጋሼ፦ እንግዲህ።

ባለ ኮሮላው፦ ጋሼ፣ 12 አለኝ! ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው ሄጄ ዲስትሪቢዩተር ልግዛ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ያንተን ፒክአፕ በኦም ለካ። ጥቂት መቶ ኦም ማሳየት አለበት። በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅህ ለካው፤ ቀዝቃዛውን ለክቶ "ደህና ነው" የሚል ብዙ ነው። ሶኬቱና ሽቦውም አለመበጠሱን እይ። ልትገዛ ስትሄድ ቴስተርህን ያዝ፣ የሱቁንም ሳትለካ አትክፈል። ሽቦውን አወጣኸው?

ባለ ኮሮላው፦ ገና ነኝ ጋሼ።

ጋሼ፦ በል እሱን አውጥተህ ተመለስ።