ሞደም፣ መብረቅና ሰርቨር፦ ክፍት ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ከ1990 ዓ.ም በኋላ ባሉት ዓመታት ባሕር ዳር ውስጥ የኮምፒውተር ሥርዓት አስተዳዳሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚያ ዘመን የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። የሠራሁባቸውን መሥሪያ ቤቶች ስምም አልጠራም። ክረምት ስለሆነ ደግሞ ነጎድጓድ የሰማ ጥያቄውን ትቶ ሶኬቱን ይንቀል፤ የስልክ ሽቦውንም ጭምር።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኢንተርኔት ሲጀመር ምን ይመስል ነበር?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልኝ። ቴሌ ኢንተርኔት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ላይ ነው። የመላው አገሪቱ የውጭ መስመር 256 ኪሎ ቢት በሰከንድ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ኢሜይል የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በነበረው ፓዲስ በሚባል የመረጃ ሥርዓት በኩል ይልክ ነበር። መልእክቱ ይጠራቀምና ስልክ ተደውሎ በአንዴ ይላካል።

ይህ የማጠራቀም ልማድ ኢንተርኔት ከመጣ በኋላም አልቀረም። እኛ ዘንድ ሠራተኛው ደብዳቤውን ሲጽፍ ይውላል፣ ሰርቨሩ (ሁሉም የሚገናኝበት የቢሮው ዋና ኮምፒውተር) ይሰበስባል፣ ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ሞደሙ (ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር የሚያገናኘው ዕቃ) ይደውላል፤ የተጻፈውን ይልካል፣ የመጣውን ይቀበላል፣ ይዘጋል። ፔጋሰስ ሜይልና ሜርኩሪ የሚባሉ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ይህን አሳምረው ይሠሩ ነበር። መስመሩ ደኅና ሆኖ 33.6 ኪሎ ቢት ቢገኝ አንድ ሜጋባይት አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ስልኩ ደግሞ ይቆጥራል። ለአንድ ሰው የሠርግ ፎቶ ሲላክለት የቢሮው ደብዳቤ በሙሉ ከኋላው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በአባሪ ፋይል መጠን ላይ ገደብ ጣልኩ። አንዳንድ ኃላፊዎች እስከ ዛሬ ሰላምታ የሚነፍጉኝ በዚያ ምክንያት ነው።

በዛዊት፦ ሞደሙ 56 ይል አልነበረም እንዴ? ለምን 33.6 ብቻ?

መልስ፦ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አትመን። 56 የሚሠራው ወደ አንተ በሚመጣው አቅጣጫ ብቻ፣ ያኛው ጫፍ ዲጂታል ከሆነና ሽቦው ንጹሕ ከሆነ ነው። ክረምት ሲገባ የስልክ መገጣጠሚያ ሣጥን ውኃ ይቋጥራል፣ ጫፉ ይዝጋል፣ ሞደሙም ወደ 28.8፣ አልፎ አልፎም ወደ 14.4 ይወርዳል። ሞደሙ የመደወያ ድምፅ የለም እያለ አንተ ግን በጆሮህ የምትሰማው ከሆነ ኤቲኤክስ3 ብለህ እዘዘው፤ ድምፁን ሳይጠብቅ ይደውላል። ኤስ10 የሚባለውን ቁጥር ደግሞ ከፍ አድርገው፤ መስመሩ ለቅጽበት ሲጠፋ ቸኩሎ እንዳይዘጋ።

ዘጌ፦ ደመወዝ ስንት ነበር?

መልስ፦ አይበቃም ነበር።

ሺምብጥ፦ መብረቅ ሞደም ያቃጥላል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው ወይስ ዕቃ ሻጮች ያመጡት ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በዚህ ከተማ በክረምት የሞቱ መሣሪያዎችን ብትቆጥሩ የአብዛኛው ገዳይ ቫይረስ አይደለም፣ ዕድሜም አይደለም።

ሰው መብረቅ ሲባል የሚታየው ጣራ መትቶ ሲገባ ነው። ያ ብርቅ ነው። የተለመደው እንዲህ ነው፦ መብረቁ ራቅ ብሎ ይወድቃል፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ተዘርግቶ በመጣው ረጅም የስልክ ሽቦ ውስጥ ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ያ ኃይል ወደ መሬት መውረጃ ይፈልጋል። ኮምፒውተራችሁ በአንድ በኩል ከስልኩ፣ በሌላ በኩል ከመብራቱ ተያይዟል፤ ሁለቱ የየራሳቸው ኧርዝ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦና ዘንግ፣ አላቸው። በዚያች ቅጽበት በሁለቱ መካከል የሺህ ቮልቶች ልዩነት ሊፈጠር ይችላል፤ መሻገሪያው ደግሞ የእናንተ ሞደም ነው።

አንድ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። የሞደሙን ሽፋን ስከፍት ከስልክ መግቢያው አጠገብ ያለችው ቺፕ ለሁለት ተሰንጥቃለች፤ የቦርዱ የመዳብ መስመር ተንኖ በቦታው ቡናማ ጭረት ብቻ ቀርቷል። ጸሐፊዋ «መብራቱን ነቅዬው ነበር» አለች፤ እውነቷን ነው። የስልኩንና የኔትወርኩን ገመድ ግን የነቀለ አልነበረም። ኃይሉ በስልኩ ገብቶ በኔትወርኩ ወጣ፤ የሌሎች ሁለት ማሽኖችን ካርድ አብሮ ወሰደ። ስለዚህ የስልክ ሽቦውንም ንቀሉ የምለው ለወግ አይደለም።

ሌላው የኧርዝ ዘንጉ ነው። ዘንግ መቅበር ብቻ ኧርዝ አይሆንም። የእኛ ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይላቀቃል። ባለሙያው በነሐሴ ለክቶ «ግሩም ነው» ብሎ ይሄዳል፤ በነሐሴማ ምን የማያምር ኧርዝ አለ? የግንቦቱ የመጀመሪያ ነጎድጓድ የሚመጣው አፈሩ ደርቆ ሳለ ነው። በሚያዝያ አስለኩ፤ ከ5 ኦም በታች እንዲሆን ጣሩ። ዘንጉ ዙሪያ ከሰልና ጨው አድርጉ፣ በበጋ ውኃ አጠጡት። ከሁሉም በላይ የስልኩንና የመብራቱን ኧርዝ አንድ ቦታ ላይ አገናኙ፤ አብረው ከፍ ካሉ በመካከላቸው ልዩነት አይኖርም። ሞደሙም ከማሽኑ ውጭ የሚቀመጠው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ እሱ ሲቃጠል ማዘርቦርዱ የመትረፍ ዕድል ያገኛል።

ሰባታሚት፦ ስታቢላይዘር ካለኝ መብረቁ አያሰጋኝም አይደል?

መልስ፦ ያሰጋሃል። ስታቢላይዘር የወረደ ቮልቴጅን ያስተካክላል፤ ጎረቤት ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚጎትት የእንጀራ ምጣድ ሲሰካና መብራቱ ሲደክም ለዚያ ነው። ለመብረቅ አልተሠራም። ስልኩንማ ጭራሽ አያውቀውም።

ጢስ ዓባይ፦ እኛ ከፏፏቴው ሥር ተቀምጠን መብራት ለምን ይጠፋብን ነበር? ይህ ግፍ አይደለም?

መልስ፦ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሠራ 11.4 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው በ2001 ሲጨመር 73 ሜጋ ዋት አቅም ነበራቸው። ኃይሉ የሚገባው ወደ አገር አቀፉ መስመር ነው እንጂ ለእኛ ተለይቶ አይቀመጥም። ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋብን የጣቢያው ማነስ ሳይሆን የሠፈሩ መስመር ነበር፦ ነፋስ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የተጨናነቀ ትራንስፎርመር። ከሥራዬ ውጭ ስለሆነ ከዚህ አልገፋም።

አባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ በጣም ይንቀራፈፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ የትኛው ኮምፒውተር? ምን ሲሠራ? ከመቼ ጀምሮ? ይህን ሳትነግሪኝ ልመልስ አልችልም።

ፖሊ፦ ያኔ ሰርቨሩ ሊኑክስ ነበር ወይስ ዊንዶውስ ኤንቲ?

መልስ፦ ሁለቱም። ፋይልና ማተሚያ ኤንቲ 4.0 ላይ፣ የኢንተርኔት መውጫው ሬድ ሃት በሚባለው ሊኑክስ ላይ።

ፔዳ፦ ሊኑክስ ያኔም ሥራ ማብዣ ነበር።

ፖሊ፦ ኤንቲውን እየዘጋ የሚከፍተው ማን ነበር ታዲያ? ለምን እንደቆመ እንኳ አይናገርም።

ፔዳ፦ እኛ ሰው እናገለግል ነበር፤ እናንተ ኬርነል (የሊኑክስን አንኳር) ስትገነቡ ታድሩ ነበር። ሲነጋ ማተሚያው አይሠራም።

ሺምብጥ፦ ሁለታችሁም ያኔ ወደ ከተማ የምትወጡት ለዓሣ ጉላሽ ነበር እንጂ ለሰርቨር አልነበረም።

መልስ፦ ፖሊና ፔዳ (ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ) እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆናችኋል፤ ወሬው አልደረሳችሁ እንደሆነ እነሆ ነገርኳችሁ። ቁም ነገሩ ስኩዊድ የሚባለው ፕሮግራም ነው። የሳተላይት መስመር ስንይዝ ጥያቄው 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ፣ ያንኑ ያህል ወርዶ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ ግማሽ ሰከንድ በጉዞ ብቻ ያልቃል። ስኩዊድ አንዱ የከፈተውን ገጽ ያስቀምጥና ለሚቀጥለው ከዚያው ከቢሮው ይሰጠዋል። አሮጌ ፔንቲየም ላይ የተጫነ ስኩዊድ ጠዋት ጠዋት ሁሉም አንድ ዓይነት ጋዜጣ በሚከፍትበት ሰዓት መስመሩን በግልጽ ያቀለው ነበር። ዝናቡ ሲጠና ግን ሲግናሉ ይዳከማል፤ ያንን ሊኑክስም ኤንቲም አያድነውም።

ፔዳ፦ ኤንቲም እንደ ስኩዊድ ያለ የራሱ ፕሮክሲ ነበረው።

መልስ፦ ነበረው። በገንዘብ።

አባይ ማዶ፦ እሺ ጋሼ፣ ሌላ ልጠይቅ። የያኔ ኢሜይሎቻችን ሰዓታቸው ተዛብቷል፤ መልሱ ከጥያቄው በፊት የተጻፈ ሆኖ ይታያል። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህች ጥያቄ ናት! ሰዉ የኮምፒውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይሞላው ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ነው ብሎ 3 ይጽፋል፤ ማሽኑ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይመስለዋል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ከዚያ ነው። የሰዓት ክልሉንም የሚመርጠው አልነበረም፤ ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ ስለሌለች ናይሮቢ መምረጥ ነበረበት። አንዱ ማሽን ብቻ ሲሳሳት ቀላል ነው፤ የአንዱ ቢሮ ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጁ ሰዓት ሲሄድ ግን የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ ሰርቨሩ ራሱ አያውቅም። ባክአፑ አዲሱን ትቶ አሮጌውን ይወስዳል። የወረቀቱን ሰዓት በፈለጋችሁት ጻፉ፣ የማሽኑን አትንኩ።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ የሁለት ሺሁ ችግር (እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ዓመቱን ይሳሳታሉ የተባለው) ባሕር ዳርን ነካት?

መልስ፦ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም ጠዋት ማሽኖቹን ከፈትኩ። ሠሩ። አንዳንድ አሮጌዎች 1980 አሉ፣ አስተካከልኳቸው። ሰው ስለዚህ ብዙ ያወራል፤ እኔ የማወራው የለኝም።

በዛዊት፦ ቫይረስስ?

መልስ፦ ከኢሜይል ይልቅ በፍሎፒ ይመጣ ነበር፤ የመስመሩ ቀርፋፋነት ለአንድ ነገር ጠቀመ። ክፉው ሲአይኤች ነበር፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን ፈንድቶ የዲስኩን መጀመሪያ ያጠፋል፣ በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ባዮሱንም (ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ይደመስሳል። ማሽኑ ያኔ አይነሳም፤ ቺፑን አውጥቶ በሌላ ቦርድ እንደገና መጻፍ ነው።

ዘጌ፦ ኔትወርኩ በሙሉ በአንዴ ቀጥ ሲል ምን ታደርጉ ነበር?

መልስ፦ በቀጭኑ ኮአክሲያል የኔትወርክ ገመድ ዘመን ነው የምትለው? ገመዱ ከማሽን ማሽን እየተቀጣጠለ ይሄዳል፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ባለ 50 ኦም መዝጊያ ይገባል። ጽዳት የምትሠራው ሴት ጠረጴዛ ስታንቀሳቅስ አንዱ መዝጊያ ከወለቀ ቢሮው በሙሉ ይቆማል። ሁሉም ሰርቨሩን ይረግማል። አንተ ግን ማሽኖቹን አጥፍተህ፣ ቴስተር ይዘህ፣ አንዱን የቲ መገጣጠሚያ ፈትተህ በመካከለኛዋ መርፌና በሽፋኑ መካከል ትለካለህ። 25 ኦም አካባቢ ካሳየ ሁለቱም መዝጊያዎች አሉ፤ 50 ካሳየ አንዱ ጎድሏል ወይም ገመዱ ተበጥሷል፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነ የሆነ ቦታ ተነካክቷል። ከዚያ ገመዱን እያጋመስክ መፈለግ ነው። በሥራዬ ላይ ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው ይህ ነው፤ በሁለት ሽቦ የቢሮውን ሁሉ ጠብ ታበርዳለህ።

ሰባታሚት፦ ዲቫይደሩ ላይ ቀይ መብራት አለ፤ መብረቅ ይከላከላል ማለት ነው?

መልስ፦ ሰባታሚት፣ ስለ ስታቢላይዘር የጠየቅኸኝ አንተ ነህ። ቀይ መብራት ማለት መብራት አለ ማለት ነው። ውስጡ የመከላከያ ዕቃ ቢኖረው እንኳ ከጥቂት ምት በኋላ ያልቃል፤ መብራቷ ግን ትበራለች። ንቀል። የስልኩንም።

አባይ ማዶ፦ የመጨረሻዬ ናት። ከ1990ዎቹ የተረፉ የቢሮ ሰነዶች ስንከፍታቸው የላቲን ቅራቅንቦ ይሆናሉ። በአማርኛ የተጻፉ ነበሩ። ጠፍተዋል?

መልስ፦ አልጠፉም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የራሱን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው ቪስታ ከተባለው እትሙ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዙም ቪዥዋል ግዕዙም ሌሎቹም የላቲኑን ቦታ ወስደው የእኛን ፊደል ይሥሉበት ነበር፤ እያንዳንዱ በራሱ ሥርዓት። ሠላሳ ሦስቱ ፊደሎች በሰባት ሲባዙ 231፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመሩ በአንድ ፎንት ውስጥ ያለው 256 ቦታ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ከሁለት ቁራጭ ይገጣጥማል።

ፖሊ፦ ፓወር ግዕዝ ይሻል ነበር።

ፔዳ፦ ጀመረህ ደግሞ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉ። አባይ ማዶ፣ መጀመሪያ ፋይሉን ቅጂ አድርጊ፤ በዋናው ላይ አትሥሪ፣ ዋናውን ከፍተሽ «አስቀምጪ» የሚለውንም አትንኪ። ከዚያ በቅጂው ውስጥ የፎንቱን ስም ፈልጊ፤ ቃሉ ባይነበብም ስሙ እንደተጻፈ ይገኛል። ያንን ፎንት ስትጭኚ ይነበባል። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከተለወጠ በኋላ ቁጥርና የሰው ስም ያለበትን ገጽ በዓይንሽ ከወረቀቱ ጋር አስተያዪ፤ ዲቃላ ፊደል ላይ ይሳሳታሉ። ሰነዶቹ ያሉት በምን ላይ ነው?

አባይ ማዶ፦ ፍሎፒ ላይ።

መልስ፦ እንግዲያው ከሁሉም በፊት እዚያ ጀምሪ። የመጻፊያ መከልከያዋን ቀዳዳ ክፈቺ፣ ፍሎፒውን አንብበሽ ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪ፣ ሻጋታ ያየሽበትን ፍሎፒ ማንበቢያው ውስጥ አታስገቢ፤ ማንበቢያውን አበላሽቶ የሚቀጥለውንም ያበላሻል። ሻጋታ ያለባቸውን ለይተሽ አስቀምጪና ንገሪኝ።